ጡሩምባ የተነፋለት መተግበሪያ

ሁሉን ነገር በስልክ ካላደረገ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከአንዱ ጋር ቢቸና ድረስ ሄጃለሁ። ታደለ ይባላል፤ የሬዲዮ ጣቢያችን የዲጂታል ማርኬቲንግ ኃላፊ ነው። ሬዲዮን በሬዲዮ ማዳመጥ ኋላቀርነት ነው ብሎ ስለሚያምን፣ የጣቢያችንን መተግበሪያ በየሰዉ ስልክ ላይ ሊጭን ተነሳ።

ቢቸና ደርሰን ሕዝቡን በአጭር መልእክት ሊጠራ ቢሞክር ኔትወርክ የለም። ታደለ ግን ምን ገዶት? የእድሩን ጡሩምባ ነፊ አግባብቶ በማለዳ አስነፋ።

ጡሩምባ ሰምቶ ማን ይቀራል? ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከየአቅጣጫው መጡ።

«ማን አረፈ?» አሉ የእድሩ ዳኛ አያ ሙሉነህ።

«የሞተ የለም አባቴ፣ መተግበሪያ አምጥተንላችሁ ነው» አለ ታደለ።

አያ ሙሉነህ ዞረው የመጣውን ሰው አዩ። ጡሩምባ ተነፍቶ፣ አገር ወጥቶ፣ ሳያጽናኑ መመለስ ደግሞ ነውር ነው።

«በሉ አረፍ በሉ» አሉ ሕዝቡን። ሁሉም ተቀመጠ። ጥቂት ከቆዩ በኋላ አያ ሙሉነህ ተነሥተው ወደ ታደለ ጠጋ አሉና «እግዜር ያጥናህ ልጄ» አሉት። ሌላውም እየተከተለ አጽናንቶት ወደ ሥራው ሄደ።

ታደለ የተቀመጠውን ሕዝብ ፎቶ አንስቶ ነበርና «ቢቸና መተግበሪያችንን በነቂስ ወጥታ ተቀበለች» ብሎ ሪፖርት አደረገ።

ዓመት ሳይሞላው መተግበሪያው ተዘጋ። ታደለ «አንድ ሰው እንኳ አይዞህ አላለኝም» እያለ ያማርራል። እኔ ቢቸናን አልወቅስም፤ እሷ ለቅሶውን ቀድማ ደርሳለች።