የዶሮ ጠበቃው አቶ ጉልላት

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የአፍ ርኅሩኅ አይጠፋም። የሶዶው ኬክ ፋብሪካም የድርሻውን አግኝቷል፤ የግዢ ኃላፊው ክቡር አቶ ጉልላት! ሐዋሳ ሄደው ስለ እንስሳት ደኅንነት ከሠለጠኑ ወዲህ አንድ ቃል ምላሳቸው ላይ ተጣብቋል። «ዶሮም ነፍስ አላት!» ስብሰባ ላይ ይሏታል፣ ለቅሶ ቤት ይሏታል። የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ።

የጋጋሪዎቹ አለቃ ትርፌ ይህን በሰማች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች። የበዴሳ ልጅ ናታ! ለኬኩ እንቁላል የሚመጣበት የዶሮ እርባታ እዚያው ከአባቷ ማሳ አጠገብ ነው። ዶሮዎቹ ክንፋቸውን መዘርጋት እስኪያቅታቸው በሽቦ ሳጥን ታጭቀው ይኖራሉ። አቶ ጉልላት ግን ለጫማቸው ስለሚሳሱ እዚያ ረግጠው አያውቁም። የኬኩ ካርቶን ላይ ለምለም ሣር የምትጭር ዶሮ አስለዋል፤ በቃቸው። ደግሞ እኮ አያፍሩም፤ «እኔ የዓመቱን እኩሌታ ጾመኛ ነኝ፣ እንቁላል አልነካም። ከእኔ በላይ ለዶሮ ማን አዘነ?» ይላሉ።

«ጌታ ይቅር ይበልዎ» ትላለች ትርፌ።

አንድ ቀን ታዲያ አንድ የአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ኬኩን ልረከብ አለ። ዶሮዎቹ ሳጥን ውስጥ አለመታጎራቸውን ግን መጥቶ ማየት ፈለገ። ውሉ ከቀረ አዲስ የተቀጠሩት ጋጋሪዎች ይሰናበታሉ፤ የትርፌ ታናሽ እኅት ምሕረት አንዷ ናት።

አቶ ጉልላት ምን ገዷቸው! «እንግዶቹ ሳይደርሱ ሜዳ ላይ እንለቃቸዋለን፤ ሣር ሲግጡ ይታያሉ» አሉ።

«ጋሼ፣ ዶሮ ትጭራለች እንጂ አትግጥም።»

«ያው ነው!»

ቀኑ ደረሰና ዶሮዎቹ ከሳጥን ወጥተው ሜዳው ላይ ተለቀቁ። አንዲት እንኳ አልተራመደችም። ሰፊውን ሜዳ ትተው፣ ሳጥን ውስጥ እንዳሉ ሁሉ እርስ በርስ ተጣብቀው ቆሙ። መሬት ረግጠው አያውቁማ! አቶ ጉልላት አጨበጨቡ፣ በቆሎ በተኑ፣ ለመኑ። አንገቷ የተመለጠ አንዲት ዶሮ ቀና ብላ አየቻቸውና እግሯ ተንቀጠቀጠ።

መኪናው መጣ። «ነፃዎቹ ዶሮዎች እነዚህ ናቸው?» አለች እንግዳዋ።

ሁሉም ያችን ቃል ጠበቀ። አቶ ጉልላት አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሏ ግን አልወጣችም።

«ዛሬ ጠዋት ነው ያወጣናቸው» አሉ በሰለለ ድምፅ። «እኔም... ዛሬ ነው ያየኋቸው።»

እንግዶቹ «ስታስተካክሉ ጥሩን» ብለው ሄዱ። ምሕረትም ሥራዋን አጣች።

ትርፌ አንጀቷ አርሮ፣ የሆዷን ለአቶ ጉልላት ልትነግር በማግስቱ ቤታቸው ሄደች። ስድቡን መንገድ ላይ አሰናድታ ጨርሳለች። በሩን ገፋ ስታደርግ ክቡርነታቸው በሙሉ ሱፍ ጓሯቸው ውስጥ ተንበርክከዋል። ከረባታቸው አፈር ይጠርጋል። ከፊታቸው፣ ከእርባታው ያመጧት ያች አንገተ መላጣ ዶሮ ቆማለች።

አቶ ጉልላት በቆሎ የበተኑበትን አፈር በጣታቸው እየጫሩ «እንዲህ ነው እመቤቴ፣ እንዲህ» ይሏታል።

ወይ ጉድ! ያ ሁሉ ስድብ የት ገባ? ትርፌ ሳቋ መጣ፣ እንባዋም መጣ። ነጠላዋን ሰብስባ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«ጥሬውን አፈር አልብሱት እንጂ ጋሼ። ምን ፈልጋ ትጫር?»

በቆሎውን ቀብረው ሁለቱም አፈጠጡ። ዶሮዋ አንድ እግሯን ቀስ ብላ አነሣች።

«አየሽ ትርፌ፣ ዶሮም ነፍ...»

«ዝም ይበሉ ጋሼ! ልትጭር ነው።»