ዓርብ ዓርብ የጃፓን ሙዚቃ

ሰው በክፉ ቀን ምን እንደሚይዝ አስቀድሞ አይታወቅም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ያ በሽታ ዓለምን በሙሉ ቤቷ ውስጥ የቆለፈባት ጊዜ፣ አንዱ ዳቦ መጋገር ያዘ፤ ሌላው ከአሥራ አምስት ዓመት ትዳር በኋላ ከሚስቱ ጋር መተዋወቅ ጀመረ፤ ሲጸልይ የሚውልም፣ በስልኩ የሙት ወሬ ሲያሳድድ የሚውልም ነበር። እኔ በበኩሌ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጣራ መቁጠር ይዤ ነበር። ጣራው አንድ ነው። ቆጥሬ ስጨርስ እንደገና እጀምራለሁ።

ሀያት ግን የጃፓን ሙዚቃ ያዘች።

ሳቁ፣ ግድ የለም። እኛም ስቀናል። የምንኖረው ሻርጃ፣ አል ናህዳ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሴቶች ሆነን በተደራራቢ አልጋ ነበር፤ ቢድ ስፔስ የሚሉት፣ ቦታው አልጋ ብቻ የሆነ ኑሮ። ሦስታችን ክርስቲያን፣ ሦስቱ የወሎ እስላሞች። እኔ በየቀኑ ወደ ዱባይ እየተሻገርኩ ቤት በሰዓት የማጸዳ፣ በዕድሜም በወሬም ትልቋ ነበርኩ። ሀያት የከሚሴ ልጅ ናት፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፀ ለስላሳ፣ ሐሳቧን ግን በበሬ ጎትተህ የማታስለውጣት። አል ቁሰይስ ውስጥ አንዲት ጃፓናዊት ቤት ትሠራ ነበር። ማዳሟ ዓርብ ዓርብ ከአገሯ አዲስ የወጣ ሙዚቃ እየከፈተች፣ ልብስ የምትተኩሰውን ሀያትን ጎኗ አስቁማ «ይህን ስሚ፣ ይህን ደግሞ ስሚ» ትላታለች። መንገድ ሊዘጋ ሲል ማዳም በመጨረሻዎቹ አውሮፕላኖች አገሯ ገባች። ለሀያት ቡጢ የምታክል ስፒከርና አንድ አመል ትታላት ሄደች። ሥራው ግን ኸላስ፣ አበቃ።

የመጀመሪያው ዓርብ ትዝ ይለኛል። ከምሳ በኋላ ነው። ሀያት ስፒከሯን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና «አዲስ የወጣ ነው፣ ዝም ብላችሁ ስሙ» አለች። ጠበቅን። ውኃ ጠብ አለ። ጠበቅን። ደግሞ ጠብ አለ። ከዚያ በጣም ከሩቅ፣ ንብ እንቅልፍ ሲይዛት የምታሰማው የመሰለ አንድ ረጅም ድምፅ መጣ፣ መጥቶም እዚያው ቀረ። የጎጃሟ እቴነሽ ብድግ ብላ ቧንቧ ልትዘጋ ሄደች።

«እቴነሽ፣ ቧንቧ አይደለም! ሙዚቃው ነው» አለች ሀያት።

«ታዲያ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?»

«ጀምሯል እኮ!»

«መቼ?»

«ወላሂ አሁን ሊያልቅ ነው።»

ፍረዱን እስቲ። እኛ ሙዚቃ የምንለው ትከሻ የሚያስመታውን ወይም እንባ የሚያስመጣውን ነው። የሀያት ጃፓኖች ትከሻም እንባም አልጠየቁንም። አንዱ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ገብቶ የእንፋሎቱን ድምፅ ቀድቶ ከፒያኖ ጋር ያጣፍጠዋል። አንዷ ልጅ በእንቅልፍ ልብ እንደሚያወራ ሕፃን ትዘፍናለች፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ድምጿን እንደ ሽንኩርት ከትፎ ይመልስልናል። ሀያት ርዕሱን ሳይቀር በስልኳ እያስተረጎመች ታነብልናለች። «ይሄ ‹ርጥብ መሰላል› ይባላል» ትላለች፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ። ማን ይጠይቃታል?

አንድ ነገር ግን ልመስክር። በዚያ ክፍል ከሙዚቃ የከፋ ጠብ አልነበረም። መንዙማ ሲከፈት እነእቴነሽ ጆሯቸውን ይይዛሉ፣ መዝሙር ሲከፈት እነሀያት ወደ ግድግዳ ይዞራሉ፣ ዘፈን ሲከፈት ሁለቱም ወገን ይቆጣል። የጃፓኑን ማንም አልወደደውም፤ ስለዚህም ማንም አልተጣላበትም። ዓርብ ከሰዓት ስድስታችንም አንድ ነገር አብረን የምንጠላበት ሰዓት ሆነ። የእቴነሽ እናት አረፉ የሚለው መርዶ የመጣ ሳምንት፣ ለቅሶ መሰብሰብ ክልክል፣ በረራ የለ፣ ራሷ እቴነሽ ናት «እስቲ ያንን የማይጀምረውን ክፈቺልኝ» ያለቻት። ከፈተችላት። ቃል የለውም፣ ስለዚህ ማንም ጣልቃ አልገባባትም። እስኪያልቅ አለቀሰች።

ሀያት ያን ቀን ነው የወሰነችው። «ብርቄ፣ እኛ ስድስት ሆነን እንዲህ ካበድን፣ የሰው ቤት ብቻቸውን የተዘጋባቸው እህቶቻችን እንዴት ሆነው ይሆን?» አለችኝ። ስልኳ ውስጥ ያለችን ሐበሻ ሁሉ አንድ ግሩፕ ውስጥ ሰበሰበችና ዓርብ ዓርብ ድምጿን መላክ ጀመረች። «አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ እህቶቼ። ሀያት ነኝ። በዚህ ሳምንት ከጃፓን ሦስት አዲስ ነገር ወጥቷል» ትልና ስለ እያንዳንዱ ጥቂት አውርታ ሙዚቃውን ታስከትላለች። ግማሾቹ በሁለተኛው ሳምንት ከግሩፑ ወጡ። አንዷማ «ሰው እያለቀ አንቺ የፍሪጅ ድምፅ ትልኪልናለሽ? አታፍሪም?» ብላ ጽፋላት ሄደች። ሀያት ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች። ፊቷን ታጥባ ወጣችና የዚያን ሳምንት መልእክቷን ቀዳች። «አብሽሪ» አለችኝ፣ ማን ማንን እንደሚያጽናና እንጃ።

ከቀሩት መሐል ጎረቤታችን ከተማ ዓጅማን የምትሠራ ወይንሸት የምትባል ነበረች። አይተናት አናውቅም። በሽታው ይዟት አሠሪዎቿ ከቤታቸው ጣራ ላይ ባለች የሠራተኛ ክፍል ብቻዋን አስቀምጠዋታል፤ ምግብ በር ላይ ያኖሩላታል። ዓርብ ዓርብ አንዲት ቃል ብቻ ትጽፋለች። «ሰማሁ።» ሰባት ዓርብ «ሰማሁ» አለች። ስምንተኛው ላይ ዝም። ዘጠነኛውም ዝም። ስልኳ አይጠራም።

መንገዱ ሲከፈት ሀያት «ዓጅማን እሄዳለሁ» አለች። አድራሻ የለን፣ የአሠሪዋን ስም አናውቅ። ያለን ወይንሸት ድሮ ከመስኮቷ አንስታ የላከችው አንድ ፎቶ ነው፤ ሰማያዊ ጉልላት ያለው መስጊድና ነጭ ግመል የተሳለበት ላውንደሪ ይታይበታል። ማስካችንን አጥልቀን በአውቶቡስ ሄድን። በዚያ ሙቀት ከላውንደሪ ላውንደሪ ስንዞር ግመሉን የሚያውቅ ጠፋ። እኔ እግሬ አበጠ።

«ኸላስ፣ እንመለስ ሀያት።»

«አንቺ ተመለሺ። እኔ የምላት አላት።»

እሷ እንዲህ ካለች በኋላ የሚመለስ ካለ አሳዩኝ። አራተኛው ሰፈር ላይ ግመሉን አገኘነው። ልብስ ተኳሹ ሕንዳዊ ፎቶውን አይቶ «ሐበሻዋ? አረንጓዴው በር። በፊት ዓባያ ታመጣ ነበር፤ አሁን አላያትም» አለን። እኔ «ከመቼ ጀምሮ?» ብዬ ቆሜ ጠየቅሁት። ሀያት ግን ቀድማኝ በሩን እየደወለች ነበር።

የቤቱ ማዳም ማስኳን እንዳደረገች ከፈተች። «ምን ፈለጋችሁ?» አለች በዐረብኛ።

«የወይንሸት እህት ነኝ» አለች ሀያት፣ ዓይኗን ሳታሽ።

ሴትዮዋ አየችን፤ በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ ውስጥ ተመለሰች። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የረዘመች አላውቅም። ከዚያ በሩ ሰፋ አለና አንዲት የከሳች፣ ሽርጥ የታጠቀች ሴት ብቅ አለች። ለካስ ወይንሸት ዝም ያለችው ስልኳ ከልብስ ጋር ማጠቢያ ገብቶ ኖሯል!

«ማን ናችሁ?» አለችን።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ» አለች ሀያት። ሌላ መናገር አልቻለችም።

ወይንሸት ድምፁን እንደሰማች እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሀያት! አንቺ ነሽ?» መተቃቀፍ ክልክል ነውና ሁለቱም በየቆሙበት፣ አንዷ ከበሩ ወዲህ አንዷ ከበሩ ወዲያ፣ ተላቀሱ። እኔማ በመሐል ቆሜ ለሁለቱም አለቀስኩ።

ሲረጋጉ ሀያት ዓይኗን እየጠረገች «ሙዚቃው ረድቶሽ ነበር?» አለቻት።

ወይንሸት ወደኔ አየች፣ ወደ መሬት አየች። «እውነቱን ልንገርሽ? ሙዚቃውስ እንኳን ሊረዳኝ ራስ ምታቴን ያባብሰው ነበር። ሲጀምር እዘጋዋለሁ። አንቺን ነው የምሰማው። ‹እህቶቼ› ስትይ፣ ‹በዚህ ሳምንት› ስትይ፣ የሚቀጥለው ሳምንት መኖሩን አምን ነበር። ሌላ የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም።»

ስንመለስ ሀያት አውቶቡሱ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ልቧ ተሰበረ ብዬ የማጽናኛ ንግግሬን በሆዴ ሳዘጋጅ ቆየሁ፤ ሰው ካንቺ ሙዚቃ አንቺን መምረጡ ክብር ነው፣ ጃፓኑን ለጃፓኖች ተዪላቸው፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ። ሻርጃ ገብተን አል ተዓውን ስንደርስ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

ቀደመችኝ።

«ብርቄ፣ ከእንግዲህ እያወራሁ ሙዚቃውን ከሥር ብለቀውስ?» አለች። «ያኔ እንዴት አድርጋ እንደምትዘጋው አያለሁ።»

ንግግሬን ዋጥኩት። ቆራጥ ሰውን ማጽናናት ትርፉ ድካም ነው።