ከዋርካው በታች ያሉ ቤቶች

የቡሬ ዙሪያን ሰው መንገድ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? «ከፈረሰው ወፍጮ ታጠፉ፣ የደረቀውን ምንጭ ተሻገሩ» ይላችኋል። አድራሻ የምንናገረው በሌለ ነገር ነው። እኔም የቀበሌ ጸሐፊ ነኝና የቤቶች መዝገቤን ለሕዝብ ቆጠራ ካርታ ሠሪዋ ያስረከብኩት በኩራት ነበር። እሷ ግን ታብሌቷን እንደያዘች ከሰዓት በኋላ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ መዝገቡ ‹ከዋርካው በታች አሥራ አንድ ቤት› ይላል። ዋርካ ግን አላየሁም። ቤቶቹን ካላገኘሁ ሳይቆጠሩ ይቀራሉ» አለችኝ።

የእኛ ሰው ሳይቆጠር? ዋርካው ከወደቀ ሠላሳ ዓመት እንዳለፈው ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እዚያው ሰፈር ያረጁትን አያ ታከለን ይዘን ወጣን።

አያ ታከለ ባዶው ሜዳ ላይ ቆመው፣ በከዘራቸው እያመለከቱ አሥራ አንዱንም ቤት በየባለቤቱ ስም ነገሯት።

«ዋርካውስ የቱ ጋ ነው፣ አባባ?» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ጥላው ሥር ቆመሽ ትጠይቂያለሽ?» አሏት።

ልጅቷ ዙሪያዋን አየችና ታብሌቷ ላይ «ዋርካ» ብላ ጻፈች።

ማገዶ ሆኖ ያለቀው ዋርካችን ዛሬ በአገር ካርታ ላይ ቆሟል። የእናንተ ሰፈር ዛፍ በቁሙ እንኳ እዚያ መድረሱን እጠራጠራለሁ።