ካርቶን ውስጥ ያለችው ችግኝ

"ልጅ ይጠይቅ፣ ይመራመር" የማይል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አላጋጠመኝም። ስብሰባ ላይ ሁላችንም ለጠያቂ ልጅ እናጨበጭባለን፤ ቤት ገብተን ያው ልጅ "ለምን?" ሲለን ደግሞ "አርፈህ ብላ" እንለዋለን። ጥያቄ የሚጣፍጠው ሌላው ሰው ሲጠየቅ ነው።

ቲቸር ፎዚያ እዚህ ጅማ፣ ጊንጆ፣ በሰፈራችን ትምህርት ቤት ሳይንስ የምታስተምር፣ ገና ቋሚ ያልሆነች ልጅ ናት። ቋሚ የምትሆነው ሱፐርቫይዘሩ ክፍል ገብቶ ትምህርቷን ሲያጸድቅላት ነው። ታዲያ "ተክል ያለ ፀሐይ አያድግም" የሚለውን በሙከራ ልታሳይ ተነሳች። መጽሐፉ በባቄላ ይላል። ጅማ ተቀምጦ ባቄላ ማን ይፈልጋል? ችግኝ አፍልቼ የምሸጥ ሰው ነኝና ሁለት የቡና ችግኝ በጣሳ አድርጌ ሰጠኋት፤ ጣሳዎቹ ላይ "ፀሐይ" እና "ጥላ" ብላ ጻፈች። አንዱ ፀሐይ ላይ፣ ሌላው በረንዳው ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ ተማሪዎቹም በየተራ ውሃ አጠጧቸው።

የፀሐዩ ገረጣ፣ የጥላው ለመለመ። ቡና ጥላ እንደሚወድ እሷም እኔም ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። ግን ያ የእርሻ ነው፣ ይኼ የሳይንስ፤ ሁለቱ ይገናኛሉ ብሎ ማን አሰበ?

ሱፐርቫይዘሩ የሚመጣ ዕለት ጠዋት፣ "የጣሳዎቹን ጽሑፍ አቀያይሪው፣ ማን ያውቃል?" ብዬ መከርኳት።

"ወላሂ አባባ፣ ልጆቹ ቅጠል በቅጠል ያውቋቸዋል" አለችኝ።

የወላጅ ኮሚቴ ነኝና ከኋላ ተቀመጥኩ። ሱፐርቫይዘሩ ጣሳዎቹን አገላብጦ አየና፣ "በባቄላ ብትሠሪው ኖሮ ትክክል ይመጣልሽ ነበር" አላት። የፎዚያ ፊት ዐመድ መሰለ፤ አንጀቴን በላችኝ። ይኼኔ ሂክማ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

"ትክክሉን ካወቅነው ለምን እንሞክራለን?"

በዚህም አልጨረሰችም። "ደግሞ በረንዳው ላይ ብርሃን አለ፤ መጽሐፍ እናነብበታለን እኮ። ጭራሽ ብርሃን የሌለበት ቦታ መቼ ሞከርን? ሜ፣ እስቲ ሦስተኛ ችግኝ ካርቶን ውስጥ እንዝጋ።"

ሱፐርቫይዘሩ ብዕሩን ከደነ። "ከሁለት ወር በኋላ እመለሳለሁ። የካርቶኑን ውጤት ሳላይ ያንቺንም አልጽፍም" ብሏት ወጣ።

ሦስተኛዋን ችግኝ የሰጠሁት እኔው ነኝ። ያውም ከመደቤ ምርጧን፤ የታመመች ላቀብል ስል "ከዚያ በምን እንደሞተች በምን እናውቃለን?" ብለው ተማሪዎቹ መለሱልኝ። ካርቶኑን ገልጬ ልይ ብልም አያስጠጉኝም።

ይኸውላችሁ እንግዲህ፣ ዕድሜ ልኬን "ያ አላህ፣ ችግኞቼን ጠብቅልኝ" ስል የኖርኩ ሰውዬ፣ ሰሞኑን ከሶላት በኋላ እጄን ዘርግቼ አንዲት ምስኪን የቡና ችግኝ እንድትሞትልኝ ዱዓ አደርጋለሁ።