የሚታጠፈው አልጋና የአማቴ ቡፌ

ሰው አዲስ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያጣው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሰላሙን ነው። ቁልፍ እስኪረከብ ድረስ ጸሎቱ «ብቻ የራሴ ጣራ ይኑረኝ» ነበር። ቁልፉን በተረከበ ማግስት ግን ከሚስቱ ጋር ስለ ጣራው ቀለም ይጣላል።

እኔና ባለቤቴ ትዕግስት ዕጣ ወጥቶልን ቀራንዮ አካባቢ አንደኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ተረከብን። ቤት ተረከብን ስላችሁ ግድግዳ ተረከብን ማለቴ ነው። ወለሉ ሊሾ እንኳ አልተደረገም። በሩ ቢዘጋም አይቆለፍም፤ ከተቆለፈ ደግሞ አይከፈትም። የቀረው ሥራ «ፊኒሺንግ» ይባላል። ፊኒሺንግ ማለት ማለቅ ነው አሉ፤ እኔ ግን ፊኒሺንጉ ያለቀለት ሰው እስካሁን አላየሁም። እናንተ ካያችሁ አደራ፣ አስተዋውቁኝ።

ትዕግስት ነገሩን ሁሉ በፕላን ነው የምትሠራው። ሜትር ገዝታ የቤቱን ዕቃ አንድ ባንድ ለካች። ለዓመት በዓል ብቻ የሚወጣውን ትልቁን ድስት ለካች፤ የበርበሬውን ጣሳ ለካች፤ የኔን ኮት ደግሞ እኔው እንደለበስኩት ለካችው። ሐሳቧ ምን መሰላችሁ? ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ቁምሳጥን የሚባል ነገር ቦታ ይዞ አይገተርም፤ ሁሉም ከግድግዳው ጋር ተገጥሞ ይሠራል። መደርደሪያው ሲፈለግ ከፍ፣ ሲፈለግ ዝቅ ይላል። ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል አለቻት፤ «ፍሌክሲብል» ትላለች። እንደ እሷ አባባል ፍሌክሲብል ያልሆነ ዕቃ ጠላት ነው።

አናጺያችን ጀማል ይባላል፤ ኮልፌ ወርክሾፕ አለው። ምን ብትጠይቁት መልሱ «ይቻላል» ነው። ከዚያ ስልኩን ያወጣና ፎቶ ያሳያችኋል። አንድ ቀን አንድ የሚያምር ኪችን ካቢኔት አሳየኝና «ይሄ የኔ ሥራ ነው» አለኝ። ፎቶው ላይ በኪችኑ መስኮት በኩል ባሕር ይታያል። የት ነው የሠራኸው ብዬ ስጠይቀው፣ ሳሪስ ነው አለኝ። እንግዲህ ሳሪስ ከሄድኩ ቆይቻለሁ፤ ምን ይታወቃል?

ቀለሙን በተመለከተ እኔ ነጭ መስሎኝ ነበር። ነጭ ሳይሆን «ኦፍ ዋይት» ነው ተባልኩ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው አሳዩኝ። «አዎ፣ በጣም ይለያያሉ» ብዬ ዋሸሁ። ትዳር እንዲህ ነው የሚቆየው። እጀታ ደግሞ የለም፤ እጀታ ድሮ ቀርቷል። በሩን ገፋ ስታደርጉት በራሱ ይከፈታል። ስለዚህ የቱ ግድግዳ፣ የቱ ቁምሳጥን እንደሆነ የምታውቀው ትዕግስት ብቻ ናት።

ይሄ ሁሉ ጥድፊያ ግን ለታይታ አልነበረም። የትዕግስት እናት፣ እማማ አስካለ፣ ኮልፌ በአንድ የድሮ የቀበሌ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ዝናብ ሲጥል ጣራው ያፈሳል። ሰማዩ ጠቆር ባለ ቁጥር ትዕግስት ከሥራ ቦታዋ ትደውልላቸዋለች። ክረምቱ ሳይገባ እኛ ጋ ልታመጣቸው ነበር ምኞቷ። ምን ዓይነት ክፍል እንደሚፈልጉ ስትጠይቃቸው፣ «ለኔ ብላችሁ እንዳትቸገሩ፤ እኔ ደግሞ ምን እፈልጋለሁ?» አሏት። በኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነገር ይፈልጋል። እኛ ግን የዚያን ዕለት ምን እንደነካን እንጃ፣ ቃል በቃል አመንናቸው።

ቤቱ ሊያልቅ ሲል እንዲያዩት አመጣናቸው። ደረጃው ስላደከማቸው እንደገቡ ግድግዳውን ደገፍ አሉ። ግድግዳው ተከፈተ። «በስመ አብ!» ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። የጫማ መደርደሪያ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤቱን የጎበኙት እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተው፣ መሃል መሃሉን እየሄዱ ነው።

በመጨረሻ ለሳቸው የተዘጋጀው ክፍል ደረስን። ትዕግስት አልጋውን ከግድግዳው አውርዳ ዘረጋችው። መልሳ አጠፈችው። ከታጠፈው አልጋ ጀርባ ጠረጴዛ ወጣ፤ ከጎኑ ልብስ መተኮሻ ወጣ፤ ከመተኮሻው አጠገብ የኔ ኮቶች የሚሰቀሉበት ተከፈተ። ፊቷ በደስታ እየበራ፣ «እማዬ፣ ይሄ ክፍል ፍሌክሲብል ነው። አንቺ ካለሽ መኝታ ቤት ነው፤ ከሌለሽ ደግሞ አልጋውን አጥፈን ቢሮ እናደርገዋለን» አለቻቸው።

እማማ አስካለ አልጋውን አዩት። እኔንም አዩኝ። «ያምራል፤ እግዚአብሔር ይባርክላችሁ» አሉ። ቀጠል አድርገው ግን፣ «ለኔ እዚያው ቤቴ ይሻለኛል። ጎረቤቱም ዕድሩም እዚያ ነው» አሉና ተነሡ። ላድርስዎት ብላቸው እምቢ ብለው ብቻቸውን ወደ ታክሲው ፌርማታ ወረዱ።

ትዕግስት አለቀሰች። ምኑን ጠሉት? ኦፍ ዋይቱን ነው? ሴራሚኩ ያንሸራትት ይሆን? ጀማል ተጠርቶ ሁሉንም መለወጥ ይቻላል አለ። እኔ ጥፋቱን ደረጃው ላይ አላከክሁ። በዚህ መሃል ክረምቱ ገባ።

አንድ እሑድ ብርቱካን ገዝቼ ኮልፌ ሄድኩ። መሃል ወለሉ ላይ ባልዲ ተቀምጦ ጣራው ጠብ ጠብ ይላል። ስለ ዝናቡም ስለ ጎረቤቱም ካወራን በኋላ፣ ምን አስቀየመዎት ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው።

«ከሌለሽ አለችኝ እኮ ልጄ!» አሉ። «ገና ሳልገባ! ሰው የሚሞትበትን ቀን አያውቅም፤ እሷ ግን አልጋዬን ማጠፍ ጀምራለች።»

«ኧረ እማማ፣ ከሌለሽ ማለቷ እኮ ደብረ ብርሃን ወንድምዎ ጋ ሲሄዱ ማለቷ ነው።»

«ደብረ ብርሃን የሄደ ሰው አይመለስም? የሚታጠፍ አልጋ የእንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ መቼ ይሄዳል እየተባለ ነው የሚኖረው። እዚህ ቢያፈስብኝም መቼ ትሄጃለሽ የሚለኝ የለም።»

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ይሄን ሲሉኝ ግን አንጀቴን በሉት። እኛ ቦታ ለመቆጠብ ስንለካ ስንቆርጥ፣ እሳቸው ቦታ አለኝ ወይ እያሉ ነበር። ቤት ገብቼ ለትዕግስት ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ደረቷን መታች፤ ከዚያ ወደ ጀማል ደወለች። የሚታጠፈው አልጋ ተነቅሎ ወጣ። በምትኩ ከባድ፣ አራት እግር ያለው፣ በምንም ዓይነት የማይታጠፍ አልጋ ገባ። እሷው ሄዳ እናቷን ለመነቻቸው። እሺ አሉ፤ ግን ቡፌያቸው አብሮ ይመጣል።

ያንን ቡፌ ብታዩት! ሟች ባላቸው ያሠሩላቸው፣ ጥቁር፣ ባለ መስታወት፣ በር የሚያህል ዕቃ ነው። የብሎካችን ሰው ግማሹ ተሸከመ፤ ግማሹ «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» እያለ አዘዘ። ግን የት ይቀመጥ? ግድግዳው ሁሉ ቁምሳጥን ሆኗል። ጀማል ዞር ዞር ብሎ አየና የኔ ኮቶች የሚሰቀሉበትን ቆርጦ አወጣው። ቡፌው እዚያ ልክክ አለ። ኦፍ ዋይቱ መሃል ጥቁሩ ቡፌ ቁጭ ሲል ትዕግስት ዓይኗን ጨፈነች።

እማማ አስካለ ቡፌውን በመዳፋቸው ነካ ነካ አድርገው፣ «ይነቀላል?» ብለው ጀማልን ጠየቁት። ጀማል ያስደሰታቸው መስሎት፣ «እንዴታ እማማ! ብሎን ብቻ ነው፤ ባሰኘን ሰዓት ላጥ ማድረግ ነው!» አለ።

ፊታቸው ጠቆረ። «ሚስማር የለህም?»

ሚስማር ተመታ። «ጨምር» አሉት። ጨመረ። «ሲሚንቶስ?» ሲሉት ጀማል ለመጀመሪያ ጊዜ «አይቻልም» ሲል ሰማሁት። እሳቸው ግን ቡፌውን በትከሻቸው ገፋ አድርገው ንቅንቅ አለማለቱን ካረጋገጡ በኋላ ነጠላቸውን አወለቁና መስቀያ ላይ ሰቀሉ።

በገቡ ሰሞን አንዲት ጎረቤት ለብሎካችን ዕድር ስም ልትመዘግብ በራችንን አንኳኳች። እኔ ኮቶቼን ታቅፌ፣ የቱ ግድግዳ ይከፈትልኝ ይሆን እያልኩ ኮሪደሩን እዳብሳለሁ። እማማ አስካለ ከፈቱላት። እዚህ ቤት ማን ማን እንደሚኖር ጠየቀቻቸው።

«እኔ ነኝ የምኖረው» አሉ ኮራ ብለው። «ልጄና ባሏም እኔው ጋ ተጠግተው ነው ያሉት። ልጁ እንኳ ጨዋ ነው፤ ብዙ ቦታ አይዝም።»