የስልኩ ኮማንደርና የጋሽ ወዳጆ በልጅግ

አገር ያለ ሹም ያድር ይሆናል፤ ሳይዘምት የጀገነ ሰው አጥቶ ግን አያድርም። ድሮ እንዲህ ያለው ጀግና ጠላ ቤት ተቀምጦ በወሬ ነበር የሚዋጋው። ዛሬ ስልክ ይዟል። አንገቱን ደፍቶ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ሁለቱን አውራ ጣቶቹን እያጣደፈ በስልክ ጨዋታ ሲተኩስ ይውላል። እራት ሲቀርብለት «ቆይ፣ ሰው ገብቶብኛል» ይላል። ቤተሰቡ ደንግጦ ወደ በሩ ይዞራል፤ የገባ ሰው የለም።

በመሐል ሜዳ ከተማ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር ኮማንደር አትናቴዎስ ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው የለም፤ ጨዋታው ስም ሲጠይቃቸው ራሳቸው ጻፉት፣ ከተማውም አጸደቀላቸው። የዕለት ሥራቸው ከገበያው ጥግ ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ስልክ መጠገን ነው። ደንበኛ ስልኩ ተሰብሮበት ሲመጣ «አንድ ደቂቃ፣ ተከብቤያለሁ» ይሉታል። ከበባው እስኪሰበር ደንበኛው የመንዝ ብርድ ላይ ይቆማል።

ችግሩ ጦርነቱ ከስልኩ መውጣቱ ነው። ኮማንደሩ ሰንበቴ ሲገቡ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው በሩን እያዩ ይቀመጣሉ። ሠርግ ሲጠሩ ደግሞ ከዳሱ ወጣ ብለው ዙሪያውን ይቃኙና «እዚያ ኮረብታ ላይ አንድ ተኳሽ ቢተኛ፣ ይሄ ሠርግ አለቀለት» ይላሉ። የሙሽራዋ እናት ያማትባሉ። ደግነቱ ኮረብታው ላይ ከበግ በቀር ተኝቶ የሚያውቅ የለም።

ይህን ሁሉ ሲሰሙ የሚበግኑት አጎታቸው ጋሽ ወዳጆ ናቸው። ከዚህ በኋላ ኮማንደሩን በአጎቱ ዓይን ስለምናየው አንቱታው ይቅርበት፤ ጋሽ ወዳጆ ንፍጡን እየጠረጉ ላሳደጉት ልጅ አንቱ አይሉም። ከከተማው ወጣ ብለው ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ። ከአባታቸው የወረሱት በልጅግ ጠመንጃ አላቸው፤ በዚያ ጠመንጃም ስማቸው እስከ ሞላሌ ይጠራል። አትናቴዎስ የሟች እኅታቸው የጠጄ ልጅ ነው። የራሳቸው ልጅ ስለሌላቸው በልጅጉ ነገ ለማን እንደሚያልፍ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸውን የሚያስጨንቃቸውም ይኸው ነው። ጠመንጃ የተረከበ ሰው የሰው ነፍስ አብሮ ይረከባል ብለው ያምናሉ። ይህ ልጅ ደግሞ ነፍስን የሚያውቃት በጣቱ ጫፍ ነው።

«ጋሼ፣ ጨዋታው እኮ ትምህርት ነው» ይላል አትናቴዎስ። «ርቀት መገመት ነው፤ ሣር ውስጥ የተደበቀ ሰው መለየት ነው። በውጭ አገር ወታደር ሳይቀር በእንዲህ ያለ ነው አሉ የሚለማመደው።»

«ጣት በማፍጠን ተኳሽ ቢኮንማ፣ ሱፍ የምትፈትል ሴት ሁሉ ጦር በመራች።»

«ይሳቁ፤ አንድ ቀን ያዩታል።»

«ለመሆኑ ዛሬ ስንት ሰው ገደልክ?»

«ማን ይቆጥራል፣ ጋሼ!»

«አንተንስ?»

«እኔንም ገድለውኛል። ሦስቴ ሞቻለሁ።»

ጋሽ ወዳጆ ይሄኔ ጋቢያቸውን አጣፍተው ይነሣሉ። ሦስቴ ሞቶ ምሳውን ከሚበላ ሰው ጋር ክርክር አያዋጣም።

በመጋቢት የበልጉ ጉም ሲወርድ ጅብ ደፈረ። ጉም ለጅብ ቀኑን ሌሊት ያደርግለታል፤ ረፋድ ላይ ከመንጋው መሐል ገብቶ በግ ይዞ ይሄድ ጀመር። ሰንበቴው ተሰብስቦ መከረ። ጠመንጃ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ በየተራ መንጋ እንዲጠብቅ፣ ወጣቶቹንም ጋሽ ወዳጆ እንዲያሠለጥኑ ተባለ። የሰንበቴው ሰብሳቢ፣ ሙሴው መሪጌታ ተክለጻድቅ፣ ውሳኔውን በጸሎት አሳረጉ። መጀመሪያ የተመዘገበው አትናቴዎስ ነበር።

ለዒላማ የተሰነጠቀ እንስራ እርከን ላይ ተቀመጠ። ኮማንደሩ የጋሽ ወዳጆን በልጅግ ይዞ በደረቱ ተኛ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ለጓደኞቹም «አሁን እዩ» አላቸው። አዩ። ቃታውን ሲስብ ሰደፉ ትከሻውን ረገጠው፤ ጥይቱ የት እንደ ገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እንስራው እንደ ተጎለተ ነው።

«ስልክ አይረግጥማ!» አለ አንዱ፤ ሜዳው በሳቅ ሞላ።

ኮማንደሩ ትከሻውን እያሻሸ ሲነሣ አፈሙዙ ወደ ሳቂዎቹ ዞረ። ጋሽ ወዳጆ ከዕድሜያቸው በማይጠበቅ ፍጥነት ደርሰው አፈሙዙን ወደ ምድር ደፈቁት።

«ባዶ ነው እኮ፣ ጋሼ!»

«ሰው የሚጨርሰው ባዶ ነው የተባለ ጠመንጃ ነው! ጎርሶም ሆነ ሳይጎርስ ወደ ሰው አይዞርም። ገባህ?»

ገባው። ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ ምድር እንዳዘነበለ መልሶ አስረከባቸው።

ማታ የጋሽ ወዳጆ ባለቤት እትዬ ጌታነሽ የተበለዘ ትከሻውን በቅቤ አሹለት። «ጾም ነው፤ እንዳትልሰው ደግሞ» እያሉ ይቀልዱበታል። እሳቸው ወደ ጓዳ ሲገቡ አትናቴዎስ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ግን ዛሬ ለምን አልተኮሱም?»

«ጥይት ከሜዳ ይለቀማል እንዴ?»

ልጁ አየት አደረጋቸውና ትከሻውን ሸፈነ። ጋሽ ወዳጆ ያልተኮሱት እንስራው ስላልታያቸው ነበር። እርከኑን ያያሉ፤ እላዩ ላይ የተቀመጠውን አያዩም። ካለፈው መኸር ጀምሮ ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ ይህን ለሚስታቸውም አልነገሩም። ተኳሹ ወዳጆ ከተባለ ሰው ላይ ዓይን ሲቀነስ ምን ይቀራል? ፈርተው ነበር፤ ፍርሃታቸውንም በቁጣ ሸፈኑት።

የጥበቃው ተራ የእነሱ የሆነ ቀን ጉሙ ጓሳ የሚባለው ረጅም ሣር ከበቀለበት ሜዳ ላይ አልነሣ አለ። ጋሽ ወዳጆ በልጅጉን፣ አትናቴዎስ ዱላ ይዘው ከመንጋው አጠገብ ቆሙ። ረፋድ ላይ በጎቹ በአንድ ጊዜ በረገጉና ተጠጋግተው ቆሙ። ከረጅሙ ሣር መሐል ጥቁር ነገር ጎብጦ ይመጣል። ከፊቱ ከፍ ያለ፣ ከኋላው ዝቅ ያለ ነው። ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይሄዳል።

ጋሽ ወዳጆ በልጅጉን አነሡ። ልባቸው በደስታ ዘለለ፤ ይኸው አየሁት፣ ዓይኔ አልሞተም አሉ በሆዳቸው።

«ጋሼ፣ ይቆዩ።»

«ዝም በል።»

«ሰው ነው።»

«ጅብ ነው! ጀርባውን አታይም?»

«ሰው ነው እኮ ነው የምልዎት! ጅብ እንዲህ አይራመድም። ስንት ዓመት ሙሉ ሣር ውስጥ ያጎነበሰ ሰው ስፈልግ አይደል እንዴ የምውለው? ይሄን አልስተውም። ጣትዎን ያንሡ!»

ጣታቸው ቃታው ላይ ነበር። በልጁ ድምፅ ውስጥ ቀልድ ስላልነበረ አነሡት። አትናቴዎስም እጁን አፈሙዙ ላይ ጭኖ ወደ ምድር ደፈቀው፤ ልክ እሳቸው እንዳደረጉት።

ጥቁሩ ነገር ቀና አለ። በጀርባው ያዘለውን የጓሳ ሸክም አስተካከለና ከራሱ ላይ የለበሰውን የሱፍ ባና ገለጠ።

«እናንተ ሰዎች! ምነው ድንጋይ መስላችሁ ቆማችሁ?» አሉ እትዬ ጌታነሽ።

ለቤቱ ክዳን የሚሆን ጓሳ ሲያጭዱ ነው ያረፈዱት። ጋሽ ወዳጆ ሚስታቸው ከወዲያኛው ቁልቁለት ያሉ መስሏቸው ነበር። ያን ወፍራም ጥቁር ባና፣ ብርድ እንዳይነካቸው ብለው ከገዛ በጎቻቸው ሱፍ ያሠሩላቸው ራሳቸው ጋሽ ወዳጆ ናቸው። በልጅጉን አጠገባቸው አስተኝተው እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ምን ሆነዋል?» አሉ እትዬ ጌታነሽ ደንግጠው።

«ብርድ ነው።»

«አዎ፣ እትዬ፣ ብርዱ ዛሬ ከፍቷል» አለ አትናቴዎስ። ሸክሙን ተቀብሎ ከፊት ከፊት ሄደ። በነጋታውም፣ ከዚያም ወዲህ፣ ወሬ የማይቋጥረው ያ አፍ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል አልወጣውም።

እሑድ ሰንበቴው ላይ ጋሽ ወዳጆ ተነሥተው ቆሙ።

«ዓይኔ ደክሟል» አሉ። «ከእንግዲህ በልጅጉን አልይዝም።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። መሪጌታ ተክለጻድቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ታዲያ ለማን ይሁን ይላሉ?» ብለው ጠየቁ።

«ለአትናቴዎስ።»

«እንስራ ለሳተው?» አለ ከኋላ አንዱ፤ ሳቅ ሆነ። ኮማንደሩ ጀርባውን ለግድግዳ እንደ ሰጠ አቀረቀረ።

«እንስራ መምታት ይማራል፤ አስተምረዋለሁ። መተኮስን ስልኩ አላስተማረውም፣ ትከሻውን አይታችኋል። አይተው ሳይለዩ አለመተኮስን ግን ያውቃል። ከየት እንዳመጣው አትጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ፤ ጠባቂው መቼም ከሁለት አይነስ፣ ዓይኑ ደህና የሆነው አይቶ ‹ጅብ ነው› ሳይል ሌላው ጣቱን ቃታ ላይ አያሳርፍ።»

ልመናው ጸደቀ። እስካሁንም የሚሠራው እንደዚያ ነው፤ ወጣቶቹ «የኮማንደሩ ሕግ» ይሉታል። ኮማንደሩም ስልጠናውን ቀጥሏል፤ እንስራው ግን እስካሁን ደህና ነው።

ከፋሲካ በኋላ በገበያ ቀን ጋሽ ወዳጆ ወደ ቆርቆሮዋ ሱቅ ጎራ አሉ። ዱካ ስበው ተቀመጡ።

«እስቲ ያንን ነገርህን አሳየኝ።»

አትናቴዎስ ስልኩን አስያዛቸውና የቱን መንካት እንዳለባቸው ነገራቸው። ጣታቸው ለመስታወቱ ወፍራም ነው። ስልኩን ከዓይናቸው ጋር አገናኝተው ሲያዩ ከሣሩ መሐል አንድ ሰው ብቅ አለ። ነኩት፤ ሰውየው ወደቀ።

«ጋሼ! እሱ እኮ የእኛው ሰው ነው።»

የጋሽ ወዳጆ ፊት ልውጥ አለ። «የእኛው?»

«አይጨነቁ፣ ይነሣል።»

«ይነሣል?»

«ጓደኞቹ መጥተው ያነሡታል። ትንሽ ነው የሚቆየው።»

በሩ ላይ አንድ ደንበኛ የተሰበረ ስልክ ይዞ ቆሞ ነበር። አትናቴዎስ ሊያስተናግደው ብድግ ሲል ጋሽ ወዳጆ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳይነቅሉ እጃቸውን አነሡ።

«አንድ ደቂቃ፣ ልጄ፤ ሰው ወድቆብኛል።»

ደንበኛው ብርድ ላይ ቆሞ ጠበቀ። አትናቴዎስም ተመልሶ ከአጎቱ አጠገብ ተቀመጠ፤ አልሳቀም። የወደቀው ሰውዬ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ከዚያ ተነሥቶ መንገዱን ቀጠለ።

«ተመስገን» አሉ ጋሽ ወዳጆ። ስልኩን መልሰው፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው፣ እትዬ ጌታነሽ ወዳሉበት ወደ ቤታቸው ሄዱ።