አጀንዳ ቁጥር አራት

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝና ሕልም አየሁ።

መዳኛ የሌላቸውን ሕሙማን እስከ መጨረሻው በምናስታምምበት ቤት ሶሻል ወርከር ነኝ። በራችን ላይ “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ስብሰባ ላይ ግን አንበሳው ዶክተር ኃይለልዑል ነው፣ እኔ ደግሞ ብቻዋን የቀረች ድር።

በሕልሜ ዶክተሩ ፒጃማ ለብሶ አልጋ ላይ ተኝቷል። ሕሙማኑ ነጭ ጋዋን ደርበው ይጎበኙታል። ከፊት የሚመሩት አቶ ደምሰው ናቸው፤ ከሳምንት አያልፉም የተባሉት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር።

“የቱ ጋ ነው የሚያምህ፣ ልጄ?”

“ተናግሬ ሳልጨርስ ያቋርጡኛል” አለ ዶክተሩ።

“ውይ፣ እሱስ ክፉ በሽታ ነው” አሉና መዝገቡ ላይ ጻፉ፦ በቀን ሦስት ጊዜ ይደመጥ።

ደስ አለኝ። ምን ልዋሽ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ወዲያው ስብሰባ ተጠራና አጀንዳው ከታች ወደ ላይ ተጀመረ። ሁልጊዜ “ጊዜ አለቀ” የሚባልበት የእኔ አራተኛው፣ አንደኛ ሆነ።

“አቶ ደምሰው የእህታቸው ባል ሲሞት ለቅሶ አልደረሱም” አልኩ። “እህታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ተቀይመዋቸዋል። ሰውየው ይቅርታ ሳያገኙ መሞትን ፈርተዋል። ድንጋይ ተሸክመው ደጃቸው ላይ እንዳይወድቁ ጉልበት የላቸውም። ማን ይሸከምላቸው?”

“እኔ!” አለች ነርሷ ሲስተር አመለወርቅ። “እኔ!” አሉ ሕሙማኑን የሚያጽናኑት ቄስ። ሊደባደቡ ደረሱ።

“ዶክተር ይሸከሙ!” ብዬ ጮህኩ።

አልጋው አውቶቡስ ሆነ። አቶ ደምሰው ራሳቸው እየነዱ፣ ዶክተሩ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ከኋላ ተንበርክኮ፣ ሁላችንም ተሳፍረን ሄድን። ሳናንኳኳ ወይዘሮ ጥሩነሽ በሩን ከፈቱ።

“ምነው እስካሁን? አውርዱለት እንጂ፣ የሰው ልጅ አንገቱ ሊሰበር ነው!” አሉና ወንድማቸው አንገት ላይ ተጠመጠሙ። እልልታው ቀለጠ።

ሲስተር አመለወርቅ በክርኗ ጎሸመችኝና ነቃሁ። ጸሐፊያችን ቃለ ጉባኤ እያነበበ ነበር።

“አጀንዳ ቁጥር አራት። ሶሻል ወርከሯ ባቀረበችው ሐሳብ መሠረት፣ ዶክተር ኃይለልዑል ድንጋይ ተሸክመው ወይዘሮ ጥሩነሽ ደጅ እንዲሄዱ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።”

ለካ በእንቅልፍ ልቤ ሁሉንም ተናግሬዋለሁ። እነሱም እኔ ስናገር እንደ ልማዳቸው ሳያዳምጡ እጃቸውን አውጥተዋል፤ ፈርመዋልም።

ዶክተሩ ከስልኩ ቀና አለ። ወረቀቱን ተቀብሎ የገዛ ፊርማውን አየ፣ ደግሞ አየ። ከዚያ ጋዋኑን አወለቀ።

“እሺ” አለኝ፣ “ድንጋዩ የታለ?”